ጭሱ የማን ነው?

የዛሬ ሦስት ዓመት በአጥቢያችን የወጣቶች ጉባኤ ነበር። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ጸለይን፣ ዘመርን፣ ቃል ሰማን። እሑድ በማለዳ፣ ዋናው አምልኮ ሳይጀመር፣ ግቢው መጽዳት ነበረበት። የጽዳቱ ኃላፊ እኔ ነበርሁ። ሰባት ሆነን የሃይላንዱን ፕላስቲክ፣ ምሳ የተያዘበትን ፌስታል፣ የወረቀት ሳህኑን፣ የተቀደደውን ባነር ሰብስበን ከአዳራሹ ጀርባ ከመርነው። የቆሻሻ መኪና የሚመጣው ማክሰኞ ነው። ስለዚህ እንደ ሁልጊዜው አቃጠልነው።

ነፋሱ ዞረ። ጥቁሩ ጭስ ከአዳራሹ ጎን ወዳለው የቆርቆሮ ክፍል ገባ። እዚያ የልጆች አገልግሎት ተጀምሮ ነበር። ከልጆቹ መካከል አስም ያለባት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። አስተማሪዋ አቅፋት ስትወጣ የልጅቷ ከንፈር መልኩን ለውጦ ነበር። ሁለት ሌሊት ሆስፒታል በኦክስጅን አደረች። ጌታ ይመስገን፣ ዛሬ ደህና ናት።

በሳምንቱ እናቷ ወደ ኅብረታችን መጡ። አልጮኹም። “ልጆቼ፣ ማናችሁ ናችሁ የለኮሳችሁት?” ብቻ አሉን።

ሁላችንም መልስ ነበረን። ክብሪቱን የጫረው ወንድም “የታዘዝሁትን ነው ያደረግሁት” አለ። ያዘዝሁት እኔ “ሁልጊዜ የሚደረግ ነገር ነው” አልሁ። ፕላስቲኩን የሰበሰበችው እኅት “እኔ መሰብሰብ ብቻ ነው” አለች። አንዱ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ሐኪሙ ጉንፋንም ነበረባት ብሏል፤ ጭሱ መሆኑ በምን ይታወቃል?” አለ። እናትየው የሁላችንንም ሰሙ። ከዚያ “እንግዲያው ማንም አልለኮሰውም ማለት ነው” ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ይህን የምታነቡ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ያ ንግግር እስከ ዛሬ አልተወኝም። የጻፍሁላችሁም ጥያቄው የኔ ብቻ ስላልሆነ ነው። ጉዳቱ የብዙዎች እጅ ሥራ ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ድርሻ ትንሽ ሲሆን፣ ማንም ክፉ ሳያስብ ሰው ሲጎዳ፣ ኃጢአቱ የማን ነው? በትልቅ ከተማ የሚኖር ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ በየቀኑ ይተነፍሰዋል።

የማይታየው ብናኝ

መጀመሪያ ስለ ምን እንደምንነጋገር እንወቅ። ጭስ ስንል ዓይናችንን የሚያቃጥለውን እናስባለን። አብዝቶ የሚገድለው ግን ዓይን የማያየው ነው። ሳይንቲስቶች “ፒኤም 2.5” የሚሉት ድቃቅ ብናኝ አለ። ስፋቱ 2.5 ማይክሮ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ነው። የአንድ ጠጉር ውፍረት ከእርሱ ሠላሳ ጊዜ ያህል ይበልጣል። ትልልቁን አቧራ የአፍንጫ ጠጉርና አክታ ይይዙታል። ይህ ግን እነርሱን አልፎ የሳንባን ጥቃቅን ከረጢቶች ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ የሚጎዳው ሳንባን ብቻ አይደለም። የልብ ሕመምን፣ ስትሮክን፣ የሳንባ ካንሰርን ያመጣል፤ በሕፃናት ላይ የሳንባ ምችን ያብሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2019 እ.ኤ.አ. በደጅ አየር ብክለት ብቻ 4.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ያለ ጊዜያቸው ሞተዋል። የማድቤቱ ጭስ ሲጨመርበት ቁጥሩ 6.7 ሚሊዮን ይደርሳል። ከደጅ አየር ብክለት ሟቾች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ድርጅቱ በ2021 እ.ኤ.አ. መመሪያውን ሲያሻሽል፣ የዓመቱ አማካይ የድቃቅ ብናኝ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ መከረ። በአዲስ አበባ የተደረጉ ልኬቶች ከዚህ ወሰን በእጥፍ በእጥፍ በልጠው ይገኛሉ።

ከየት ይመጣል? መንገዳችሁን ብቻ አስታውሱ። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፋው አሮጌ የናፍጣ መኪና አለ። በየበሩ የሚቀጣጠለው ከሰል አለ። እንጨት የሚነድበት ምጣድ፣ በየጥጋጥጉ የሚቃጠል ቆሻሻ፣ የግንባታ አቧራ፣ የፋብሪካ ጭስ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጀነሬተር አለ። በበጋ ጠዋት ከእንጦጦ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው ከተማዋ ላይ የተዘረጋውን ግራጫ መጋረጃ ያውቀዋል። ከዚያ በታች ያለን እኛ ግን አናየውም፤ በውስጡ ነንና።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚያ ሚሊዮኖች ሲሞቱ በወረቀታቸው ላይ “ልብ”፣ “ስትሮክ”፣ “የሳንባ ምች” ተብሎ ተጻፈ እንጂ “አየር” ተብሎ አልተጻፈም። ሟች አለ፤ ገዳይ የለም። የኛ ሰባታችን መልስ በዓለም ሁሉ የሚሰጥ መልስ ነው።

ለንደን የተማረችው

ይህ መልስ በአደባባይ የተፈተነባት ከተማ ለንደን ናት። ሁለት ጊዜ ተፈትኖባታል።

የመጀመሪያው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። በታኅሣሥ ወር ብርዱ በረታ፤ የከተማው ሕዝብ ምድጃውን በድንጋይ ከሰል ሞላ። ፋብሪካውም የኃይል ማመንጫውም ያው ከሰል ይነድበታል። ነፋስ የለም። ሞቃት አየር ከላይ እንደ ክዳን ተደፍቶ ቀዝቃዛውን ከነጭሱ መሬት ላይ አፈነው። ከታኅሣሥ 5 እስከ 9 ለንደን በቢጫና ጥቁር ጉም ተዋጠች። የአውቶቡስ ረዳቶች ፋኖስ ይዘው በእግራቸው ከፊት እየሄዱ መንገድ አሳዩ። ጉሙ ቲያትር ቤት ገብቶ ትርዒት አቋረጠ። የሬሳ ሳጥንና የቀብር አበባ እንዳነሰ ይነገራል። በመጀመሪያው ግምት 4,000 ያህል ሰዎች ሞቱ ተባለ፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን ወደ 12,000 ከፍ አድርገውታል።

ማን ገደላቸው? ከሰል ያነደደችው አሮጊት ናትን? እርሷ ልትሞቅ እንጂ ልትገድል አልፈለገችም። በዚያን ጊዜም ሞቱ ከኢንፍሉዌንዛ ነው የሚል ማመካኛ ተሰምቶ ነበር። ነገር ግን በ1956 እ.ኤ.አ. የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ፤ በተወሰኑ ሰፈሮች የሚያጨስ ነገር ማንደድ ተከለከለ፤ ሕዝቡም ምድጃውን እንዲለውጥ በገንዘብ ተረዳ። ሕጉ ነፍሰ ገዳይ አልፈለገም። ጭሱ የሁላችንም ነው ብሎ ጀመረ።

ሁለተኛው ፈተና የአንዲት ልጅ ነው። ኤላ አዱ ኪሲ ዴብራ በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ መኪና ከሚበዛበት አውራ ጎዳና አጠገብ ትኖር ነበር። ብርቱ አስም ነበረባት። በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ወደ ሠላሳ ጊዜ ያህል ሆስፒታል ገብታ ወጣች። በየካቲት 2013 እ.ኤ.አ. በዘጠኝ ዓመቷ አረፈች። የመጀመሪያው ምርመራ ስለ አየሩ ምንም አላለም። እናቷ ሮዛመንድ ግን አልተወችም። ዓመታት ተሟገተች፤ የሰፈሩ የአየር ልኬትና የልጅቷ የሕመም ቀናት ጎን ለጎን ተቀመጡ። በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. የሞት ምክንያት መርማሪው የአየር ብክለት ለሞቷ ተጨባጭ አስተዋጽኦ አድርጓል ብሎ ወሰነ። በብሪታንያ የአየር ብክለት በአንድ ሰው የሞት ምክንያት ውስጥ ሲጻፍ ያ የመጀመሪያው ነበር።

መርማሪው አንድ ተጨማሪ ነገር ተናገረ። ስለ አየሩ ለእናትየው የነገራት አልነበረም፤ ቢነግሯት ኖሮ ልጅዋን የሚያድን እርምጃ ልትወስድ ትችል ነበር። እስቲ አስቡት። ያንን ጎዳና በዚያ ዘመን ስንት መኪና አለፈበት? ከነጂዎቹ አንዱም ኤላን አያውቃትም። እርሷ ግን የሁሉንም ጭስ አወቀችው።

ሦስት ማምለጫዎች

ይህን በኅብረታችን ሳነሣ ሦስት ነገር ይመለስልኛል። እናንተም ሳትሉት አትቀሩም።

የመጀመሪያው “የኔ ጭስ ጠብታ ናት” የሚል ነው። እውነት ነው፤ ጠብታ ናት። ነገር ግን ሰባት እኅቶች አንድ ድስት ወጥ ሲሠሩ፣ እያንዳንዷ ሳትነግር አንድ ቁንጥር ጨው ብትጨምር ወጡ አይበላም። ስትጠየቅ እያንዳንዷ “የኔ ቁንጥር ብቻ ነው” ትላለች፤ አልዋሸችም። እንግዳው ግን ጦሙን አደረ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። ስለ በጎ ሥራ ስንተርተው ደስ ይለናል፤ ግን ክፉውም ያብራል። ድርሻዬ ትንሽ ከሆነ ዕዳዬ ትንሽ ይሆናል እንጂ ምንም አይሆንም ማለት አይደለም።

ሁለተኛው “ድኻው ምን ያድርግ?” የሚል ነው። ይህ ማምለጫ ብቻ አይደለም፤ እውነትም አለበት። ከሰል ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ እናት፣ አሮጌ ሚኒባስ እየነዳ ዕለታዊ ገቢውን ለባለንብረቱ የሚያስረክብ ሾፌር፣ ኤሌክትሪክ በሌለበት ቤት እንጀራ የምትጋግር ሴት ምርጫቸው ጠባብ ነው። እግዚአብሔር በሌለን አይጠይቀንም። በሌላ በኩል ግን ጭሱን ማን እንደሚተነፍሰው ተመልከቱ። መስኮቱን ዘግቶ የሚያልፈው ባለመኪና አይደለም። አስፋልት ዳር ጉልት የዘረጋችው፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ የሚቆመው ትራፊክ፣ ሊስትሮው፣ ጎሚስታው፣ እሳት ዳር ሕፃን አዝላ የምትቀመጠው ናቸው። ምርጫ ያነሰው ሰው የበለጠውን ጭስ ይበላል። ስለዚህ “ድኻው ምን ያድርግ?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቀጥሎ “ምርጫ ያለኝ እኔስ?” ብሎ መጠየቅ አለበት። ሰፋ ያለ ምርጫ ያለው ሰው ሰፋ ያለ ዕዳ አለበት።

ሦስተኛው የኛ የአማኞች ነው። “ይህ ዓለም አላፊ ነው፤ የኛ ሥራ ነፍስ ማዳን ነው” እንላለን። ወንጌልን ማስቀደሙን እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ቃሉ ስለ ጣራ እንኳ ይናገራል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል፤ ሰው ወድቆ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። በዚያ አገር ጣራ ላይ ሰው ይወጣ፣ ያርፍ፣ ይተኛ ነበር። ባለቤቱ ማንንም አልገፋም። መከታ አልሠራም ብቻ። እግዚአብሔር ግን ያንን “ብቻ” ደም ብሎ ይቆጥረዋል። ሊመጣ የሚችለውን ጉዳት አስቀድሞ ማየት ለእርሱ የፍቅር አካል ነው። አዳምንም ከአፈር አበጅቶ ሲተው ሕይወት አልሆነም፤ በአፍንጫው እስትንፋስን እፍ ሲልበት ነው ነፍስ ያለው ሰው የሆነው። እስትንፋስ ከእጁ የተቀበልነው የመጀመሪያ ስጦታ ነው። የጎረቤትን እስትንፋስ ማቆሸሽ እንዴት መንፈሳዊ ጉዳይ አይሆንም?

አንድ ነገር ደግሞ በኀፍረት ልንገራችሁ። ከአጥር ግቢያችን ጀርባ የኪራይ ቤቶች አሉ። እዚያ የሚኖሩ ሰዎች አዳራሻችን ገብተው አያውቁም። ለዓመታት ከጉባኤ በኋላ የምናቃጥለው ግን ወደ ቤታቸው ሲገባ ኖሯል። ወንጌላችን ሳይደርሳቸው ጭሳችን ደርሷቸዋል።

የሚለኩት ሽማግሌዎች

ለእናትየው ጥያቄ መልስ ስፈልግ ያገኘሁት እንግዳ የሆነ ክፍል ነው። ብዙ ጊዜ አይሰበክበትም። ዘዳግም ምዕራፍ 21፣ ከቁጥር 1 እስከ 9 ነው። ዛሬ ማታ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ከፍታችሁ አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ተገድሎ በሜዳ ይገኛል። ገዳዩ አልታወቀም። በኛ ልማድ ቢሆን “ያልታወቀ” ተብሎ መዝገቡ ይዘጋል። ሕጉ ግን ሽማግሌዎችና ፈራጆች ወጥተው ከሬሳው እስከ ዙሪያው ከተሞች ድረስ እንዲለኩ ያዝዛል። ቀርባ የተገኘችው ከተማ ሽማግሌዎች ያልተጠመደች ጊደር ይዘው ውሃ ወደሚፈስበት ሸለቆ ይወርዳሉ፤ በዚያ አንገቷን ይሰብራሉ፤ እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ይህን ደም እንዳላፈሰሱ፣ ሲፈስም እንዳላዩ በእግዚአብሔር ፊት ይናገራሉ፤ ለሕዝቡም ይቅርታን ይለምናሉ።

ሦስት ነገር አስተምሮኛል።

አንደኛ፣ ገዳይ አለመታወቁ ጉዳዩን አይዘጋውም። ማንም አልገደለም ሲባል ከተማው በሙሉ ይጠራል። ይህ ግለሰቡን ከበደሉ ነጻ የሚያወጣ ሕግ አይደለም፤ ግለሰቡ ሲጠፋ ሟቹ ያለ ተጠያቂ እንዳይቀር የሚጠብቅ ሕግ ነው።

ሁለተኛ፣ ሥራው በመለካት ይጀምራል። ከእንባና ከጸሎት በፊት ገመድ ተዘረጋ። እኔ ድሮ የአየር መለኪያ መሣሪያ የምሁራን ነገር ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን በየከተማው የተተከለውን መለኪያ ሳስብ እነዚያ ሽማግሌዎች ትዝ ይሉኛል። ኤላ እንኳ ፍትሕ ያገኘችው ሰው ስለ ለካ ነው። ያልለካ ከተማ እጁን ለመታጠብ አልደረሰም።

ሦስተኛውና የከበደኝ ይህ ነው። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ከመታጠባቸው ጋር “አላየንም” ማለት መቻል ነበረባቸው። እኔ ማለት አልችልም። ጭሱን አይቻለሁ። ልጅቷ በዚያ ክፍል እንደምትማር አውቅ ነበር። እናንተም ይህን ካነበባችሁ በኋላ አትችሉም። ጲላጦስም እጁን ታጥቧል፤ ነገር ግን አይቶ ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከተማን የሚለውጠው በዋናነት ሕግና የመንግሥት ሥራ ነው፤ ለንደንን የለወጣት ይህ ነው። እርሳስ ያለበት ቤንዚን የልጆችን አእምሮ እንደሚጎዳ ታውቆ፣ አገሮች አንድ በአንድ እየተዉት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ለመኪና መሸጡ ቀርቷል። አገራችንም በ2024 እ.ኤ.አ. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። ጭስ ዕጣ ፈንታ አይደለም። ስለዚህ እንደ ዜጋ መጠየቅን፣ በቀበሌም በወረዳም ስለ ቆሻሻ ማንሣትና ስለ አሮጌ መኪና በአክብሮት መናገርን ከአገልግሎት አትለዩት። ከእናንተ ነገ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ሕግ አውጪ የሚሆን አለ። ጸልዩለት፤ ይህንንም አስታውሱት።

ዛሬ በእጃችን ያለ ደግሞ አለ። ከጉባኤ በኋላ ምንም አታቃጥሉ። ፕላስቲኩን ለይታችሁ ለቆራሌው ስጡ፤ ለእርሱ እንጀራ ነው። ጀነሬተሩን ከልጆች ክፍል መስኮት አርቁት። የቆመ መኪና ሞተሩ ይጥፋ። ቡና ስታፈሉ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሉት፤ ቤት ውስጥ በርና መስኮት ክፈቱ፤ የተዘጋ ክፍል ከከሰል ጋር በአንድ ሌሊት ይገድላል። ከኅብረታችሁ አቅም ያላችሁ ለአንዲት እናት የኤሌክትሪክ ምጣድ ልትገዙ ትችላላችሁ። እነዚህ ትንንሽ ናቸው። በደሉም በትንንሽ ነው የተሠራው።

እኛ ሰባታችን ከብዙ ማመንታት በኋላ ወደ እናትየው ቤት ሄድን። አንድ ነገር ብቻ ተስማምተን ነበር፤ ማንም ስለ ራሱ ድርሻ እንዳይከራከር። “እማማ፣ የለኮስነው እኛ ነን። አይተን ነው። ይቅር ይበሉን” አልን። ወዲያው ይቅር አላሉንም። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በመጨረሻ “ስም ፈልጌ አልነበረም የመጣሁት፤ ስሙ ምን ያደርግልኛል? እኛ ነን የሚል ሰው ነበር የጠፋብኝ” አሉን። ከዚያ ተነሥተው ቡና ሊያፈሉልን ምድጃውን ይዘው ወደ ደጅ ወጡ። ከልጃቸው ሕመም ወዲህ ቤት ውስጥ ከሰል አያነዱም።

እኛም ግቢያችን ውስጥ ከዚያ ወዲህ አላቃጠልንም። ማክሰኞን እንጠብቃለን።

ለኅብረት ውይይት

1. በአጥቢያችሁ “ሁልጊዜ የሚደረግ ነገር ነው” ተብሎ ሰው የሚጎዳ ምን አለ?

2. ዘዳግም 21፥1–9ን አንብቡ። በእናንተ ሰፈር “ለክተን እንወቅ” ልትሉት የሚገባ ነገር ምንድን ነው?

3. “እኛ ነን” ልትሏቸው የሚገባ ጎረቤት አለ? መቼ ትሄዳላችሁ?